የጉማራ እንግዶች

በ2011 ዓ. ም. በሰኔ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ቤቷ ሄጄ ነበር። በመንገድ ዝናብ አግኝቶኝ ስለ ነበር ካፖርቴን አውልቄ፣ ፊቴን ጠርጌ እስክቀመጥ ድረስ ምንም ልብ አላልሁም። ከተቀመጥሁ በኋላ ግን በሳሎኑ ማእዘን፣ ቀድሞ ራዲዮ ይቀመጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ፣ በመብራት የደመቀ አንድ የመስተዋት ሣጥን አየሁ። በሣጥኑ ውስጥ ውኃ ሞልቷል፤ ከውኃው በታች ጠጠር ተነጥፏል፤ በጠጠሩ መካከል የበቀለውን ለምለም ሣር እየታከኩ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ይመላለሳሉ። የእነዚህ ዓሦች የፊት ግማሽ ዝናብ እንዳዘለ ደመና ሰማያዊና ግራጫ ሲሆን፣ የኋላ ግማሻቸው እንደ በሰለ ብርቱካን የቀላ ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ዓሦች ከወገባቸው ላይ ተቆርጠው የተቀጣጠሉ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ቀስተ ደመና ዓሣ ይባላሉ» አለኝ የእኅቴ ልጅ። ልጁ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። በየበዓሉ የተሰጠውን ገንዘብ አንድ ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ፣ የጎደለውን አባቱ ጨምሮለት የገዛቸው መሆኑን እናቱ ነገረችኝ። እርሱ ግን ስለ ዋጋቸው ሳይሆን ስለ አገራቸው ሊያስረዳኝ ቸኩሎ ነበር። ዘራቸው ከሩቅ፣ ከኒው ጊኒ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል፣ አያማሩ ከሚባሉት ሐይቆች የመጣ መሆኑን፣ ከእነዚያ ሐይቆችና ከአካባቢያቸው ውኃዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ በተፈጥሮ የማይገኙ መሆናቸውን ባንድ ትንፋሽ ተናገረ። ይህን ብሎ ወደ እኔ ዘወር አለና፣ «በእኛ አገርስ፣ ጋሼ፣ ከእኛ አገር በቀር በየትም የማይገኝ ዓሣ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ በመምህርነት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። የልጅ ጥያቄ አያስደነግጠኝም። ይህ ግን አስደነገጠኝ። «አለ እንጂ» አልሁና ወዲያው ወሬውን ወደ ፈተናው ውጤት መለስሁት። ልጁም ጥያቄው እንዳልተመለሰለት ዐውቆ፣ ነገር ግን ታላቅ ሰው ስለ ሆንሁ አክብሮኝ ዝም አለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ አያማሩ ዓሣ የተጻፈውን ሳገላብጥ አመሸሁ። ማሪኑስ ቡሰማን የሚባል የሆላንድ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ እነዚህን ዓሦች ሰብስቦ ወደ አገሩ ወስዷቸው ነበር፤ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙትና በእርሱም ስም የተጠሩት ግን በ1980 ነው። ስም ካገኙ በኋላ ዕረፍት አላገኙም። ያ የብርቱካን መልክ የሚታየው በወንዶቹ ላይ ስለ ሆነ ነጋዴዎች ወንዶቹን ብቻ እየለቀሙ ይወስዱ ጀመር፤ በ1989 በየወሩ 60 ሺህ ያህል ወንድ ዓሦች ከሐይቆቹ ይወጡ እንደ ነበረ ተጽፏል። ዛሬ በየቤቱ መስተዋት ውስጥ የሚዋኙት አብዛኛዎቹ በርቢ ጣቢያ የተፈለፈሉ ናቸው። በትውልድ ሐይቃቸው የቀሩት ግን ለመጥፋት ከሚያሰጉት ፍጥረታት መዝገብ ገብተዋል። በዓለም ሁሉ የታወቀው ዓሣ በገዛ አገሩ ስደተኛ ሊሆን ተቃርቧል።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁ። ልጁን ዝም ያሰኘሁበትን ምክንያት እኔ ዐውቀዋለሁና፣ አንባቢም ይወቀው።

የተወለድሁት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ ዳርቻ፣ ለጉማራ ወንዝ ቅርብ በሆነ መንደር ነው። ጉማራ ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ፣ በዋንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ አልፎ፣ ሜዳውን ሰንጥቆ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። በበጋ ልጅ እንኳ ይሻገረዋል። በክረምት ደግሞ መልኩ ቀይ አፈር መስሎ፣ ጉቶና ሣር እያንከባለለ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ትልልቆቹ ገባሮች ሲደፈርሱ ግን ከየጋራው ሥር የሚወርዱት ትናንሽ ጅረቶች፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ቶሎ ይጠራሉ። የአልጋቸው ጠጠር ተቆጥሮ የሚያልቅ እስኪመስል ድረስ ይታያል።

ከሐምሌ መገባደጃ ጀምሮ በመንደራችን «ዓሣው ወጣ» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ከየት እንደ ወጣ፣ ለምን እንደ ወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ልክ እንደ እሸት ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ነው። ዘመዶቻችን ነጭ ዓሣ ይሉታል፤ ይህም ከጥቁሩ ከአምባዛና ከቀረሶ ለመለየት ነው። ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ መስሎን ነበር።

በ1972 ዓ. ም. ክረምት፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜና ጓደኞቹ ከእነርሱ ጋር እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ትናንሽ ልጆችን ይዞ መሄድ አይወዱም ነበር፤ ነገር ግን ብርብራ የሚወቅጥ ሰው አስፈለጋቸው። ብርብራን የማያውቅ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ለቡና ጥላ፣ ለማጭድ እጀታ የሚሆን፣ አበባው ወይን ጠጅ የመሰለ መልካም ዛፍ ነው። ፍሬው በእንጨት መሳይ ልባስ የተሸፈነ ሲሆን፣ በበጋ ሲደርቅ እንደ ጥይት እየጮኸ ይፈነዳና ዘሩን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። እኛ ያንን ዘር በሚያዝያ ለቅመን፣ ከከብቶች በረት በላይ በቆጥ ላይ አስቀምጠነው ነበር።

እናቴ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሙቀጫዋን ይዤ ከጓሮ ገባሁና ወቀጥሁት። ዱቄቱ አፍንጫዬን እየከረከረ ሲያስነጥሰኝ፣ ወንድሜ «ዝም ብለህ ውቀጥ» ይለኛል። «አያ፣ ለሰው አይጎዳም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለዓሣ ነው እንጂ ለሰው ምን ያደርጋል» አለኝ። አባቶቻችንም ያደረጉት ነውና ነገሩ በዚህ አለቀ።

ወደ ጉማራ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ፣ ውኃው ከቋጥኝ በታች ሰፋ ብሎ በሚተኛበት ስፍራ ደረስን። ዓሦቹ ከጠጠሩ በላይ ተሰልፈው፣ ራሳቸውን ወደ ላይኛው ውኃ አዙረው፣ ጅራታቸውን ብቻ እያወዛወዙ ቆመዋል። ሁለት ሦስቱ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ጠጠሩን በሆዳቸው ሲያሹ፣ ጀርባቸው ከውኃው በላይ ብልጭ ይል ነበር። እጅግ ብዙ ነበሩ። ወንድሜ ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥሮ ከላይ በኩል ውኃው ውስጥ እየዘፈቀ ጨመቀው። ውኃው እንደ አጓት ነጣ፤ አረፋ ያዘ። ጥቂት ቆየን። ከዚያ በኋላ ዓሦቹ አንድ በአንድ ከሰልፋቸው እየወጡ ወደ ላይ ተንሳፈፉ፤ አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ እየከፈቱ ይዘጉ ጀመር። አንዳንዶቹ እስከ ዳር መጥተው እግራችን ሥር ወደቁ። እኛ ሣቅን። ሣቄን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

በዘንቢል የምንለቅመው ትልልቆቹን ብቻ ነበር። ትንንሾቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው በውኃው ተወሰዱ። እኔ ካነሣኋቸው አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ታየኝ። ሰውነቱ ሸንቀጥ ያለ፣ ብር የመሰለ ነው፤ ዓይኑ ግን ለራሱ አይመጥንም፣ የትልቅ ዓሣ ዓይን ለታናሽ ወንድሙ የተዋሰ ይመስላል። ሆዱን ስጫነው ከማሽላ ፍሬ ያነሱ ቢጫ ዕንቁላሎች በጣቶቼ መካከል ፈሰሱ። እጄን በውኃው ታጠብሁና ዓሣውን ወደ ዘንቢሉ ጨመርሁት።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ነገር የአገራችን ሰዎች ዛሬም አንድ ሐሳብ የላቸውም፤ በእኛ መንደር ግን የሚበላው ይበዛ ነበርና የያዝነውን ያህል ለጎረቤት አደልን። እናቴ ወጡን ሠራች። ሙቀጫዋን ስታሸት ግን ነገሩ ገባትና ምንም ሳትናገር በአመድና በግራዋ ቅጠል ስትፈትገው ዋለች። በነጋታውም ደገመችው። በዚያ ሙቀጫ ቡና እስክትወቅጥ ድረስ ብዙ ቀን አለፈ።

ይህ ነው እንግዲህ ለእኅቴ ልጅ ያልነገርሁት።

የዚያን ዓሣ ማንነት ያወቅሁት መምህር ከሆንሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ጣና የተጻፉ ጥናቶች እጄ ሲገቡ ነው። ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራም 14 ሜትር ያህል ነው። ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ዐለት የውኃውን መውጫ ዘግቶ የፈጠረው ነው። ከወለሉ የተቆፈረውን ደለል የመረመሩ ሰዎች እንዳረጋገጡት፣ ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ ይፈስ ጀመር። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ጢስ ዓባይ አለ። 40 ሜትር የሚያህለውን ያን ፏፏቴ ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። በታችኛው ዓባይ የሚኖሩት ኃይለኞች አዳኝ ዓሦች ጣና ያልደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ፏፏቴውን የምናደንቀው ለውበቱ ነው እንጂ በር ጠባቂነቱን ማን አስተውሎለታል?

በዚህ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ነጭ ዓሣችን ብቻውን ቀርቶ ተባዛ፤ ተባዝቶም ተለያየ። አንዱ ወፍራም ከንፈር አበጅቶ ከድንጋይ ሥር ትል ይለቅማል። አንዱ ቀንድ አውጣ በጉሮሮው ይሰብራል። አንዱ የውኃ ሣር ይበላል። አንዱ ከሁሉ አንሶ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ፍጥረት እያጠራቀመ ይኖራል። ስምንት የሚሆኑት ደግሞ ዓሣ በል ሆኑ፤ ይኸውም እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም ይህ የዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም። ያለ ጥርስና ያለ ጨጓራ አዳኝ መሆን፣ ጦርና ጋሻ ሳይዙ እንደ መዝመት ያለ ነው። ነገር ግን ሌላ ተቀናቃኝ ስለሌለ ተቻለ። በዚህ ዓይነት 15 የሚያህሉ ልዩ ልዩ ዓሦች ከአንድ ዘር ወጥተው በአንድ ሐይቅ ይኖራሉ፤ ከጥቂቶቹም በቀር ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የሉም።

የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ እነዚህ ዓሦች ሲጽፉ ቆይተዋል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ ሲመለስ ከጣና ዓሦች ለብዙዎቹ ስም ሰጠ። ጣሊያናዊው ቢኒ በ1940 ሌሎችን ጨመረ፤ ከእነዚህም አንዱ በጎርጎራ ስም የተጠራው ነው። በ1973 ግን ባኒስተር የሚባል ሊቅ የምሥራቅ አፍሪካን ትልልቅ ዓሦች ሲመረምር ልዩነታቸውን እንደ ወንድማማቾች መልክ ቈጥሮ ከጣናዎቹ ብዙዎቹን በአንድ ስም ጠቀለላቸው። እኛም በመንደራችን «ነጭ ዓሣ» ብለን የጠቀለልናቸው በዚያው ወራት ገደማ ነውና ሊቁን ለመውቀስ አልደፍርም። በ1990ዎቹ የሆላንዱ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናኸልከርከና ሲቢንግ እንደገና አንድ በአንድ ለክተው፣ ሆዳቸውን ከፍተው የሚበሉትን አይተው፣ እያንዳንዱ የራሱ ወገን መሆኑን አስረዱ።

በእነርሱ መጽሐፍ ውስጥ ከተሳሉት ሥዕሎች አንዱን ሳይ እጄ ከገጹ ላይ ቆመ። ያ ዓይነ ትልቁ ነበር። ቢኒ በ1940 የሰጠው ሳይንሳዊ ስም ማክሮፍታልሙስ ነው፤ በግሪክ ቋንቋ ዓይነ ትልቅ ማለት ነው። ዓሣ በል ከሚባሉት ከስምንቱ አንዱ ነው። እኔ በ11 ዓመቴ ለይቼ አይቼው፣ ስም ስላልነበረኝ ብቻ ወደ ዘንቢሉ የጨመርሁት ያ ነው።

ለምን ወንዝ እንደሚወጡም በዚያን ጊዜ ተረዳሁ። የጣና ወለል በአብዛኛው ደለል ነው፤ ዕንቁላል በደለል ላይ ቢወድቅ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ከእነዚህ ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር በጉማራ፣ በርብ፣ በገልዳ፣ በመገጭ፣ በድርማ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ጎርፉ ጥቂት ሲበርድ የደፈረሰውን ትልቁን ወንዝ ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ወዳላቸው ወደ ጠሩት ትናንሽ ጅረቶች ይገባሉ። ውኃው በሚፈጥንበት፣ አየር በሚበዛበት ስፍራ ዕንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ጥለው ይመለሳሉ። ዋነኛው ወራታቸው ነሐሴና መስከረም ነው። ሁሉም ባንድ ቀን አይመጡም፤ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ጋብቻቸው የማይደባለቀው በዚህ ተራ አጠባበቅ ጭምር ነው። እኛ ብርብራ ያፈሰስንበት ውኃ እንግዲህ የወላድ ቤት ነበር።

ነገሩ በእኔ ዘንቢል ብቻ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ። ጥንት በሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ሰዎች ነበሩ፤ ታንኳቸው ከደንገል የተሠራ ስለ ሆነ ከዳር እጅግ አይርቅም፤ የሚይዙትም የሚበሉትንና በአቅራቢያ የሚሸጡትን ያህል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ለድሃው አጥማጅ መልካም እንጀራ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መረቡ በወንዝ አፍ ላይ፣ ዓሣው ለመውለድ በተሰበሰበበት ወራት ሲዘረጋ፣ በአንድ ሌሊት የሚገኘው የአንድ ዓመት ትውልድ ነው። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ንጽጽር፣ አጥማጆች ከእነዚህ ዓሦች የሚያወጡት በክብደት 75 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ከግልገሎቹ ደግሞ 90 በመቶ የሚሆኑት አልታዩም። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ጥፋት ሁለት ምክንያት አቀረቡ፤ አንደኛው መረቡ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። በባዕድ ቋንቋ በተጻፈው ገጽ መካከል፣ ሳይተረጎም እንዳለ፣ «ብርብራ» የሚል ቃል ነበር።

ሮተኖን የሚሉት መርዝ በፍሬው ውስጥ አለ፤ ዓሣው በውኃው ውስጥ ያለውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ አየር ሳያጣ ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው። ብርብራ ራሱ ከአገራችን በቀር በየትም የማይበቅል ዛፍ መሆኑን ደግሞ የዕፅዋት ሊቃውንት ጽፈዋል።

ከዚህ ወዲህ ብዙ ነገር ተደራርቧል። እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐይቁ ላይ ታየ፤ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ፤ በየጅረቱ የመስኖ ፓምፕ ተተከለ። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የሕያዋን ከባቢ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ፤ በአገራችንም የዓሣ አያያዝን በሥርዓት ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ. ም. ወጥቷል። ወረቀቱ አለ። ወረቀትን የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ በወረቀት የኖርሁ ሰው ነኝና።

በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናዎ ደሴት፣ ላናዎ የሚባል ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ዛሬም አለ። ከጣና ዓሦች ጋር የሚመሳሰል፣ ከአንድ ዘር ወጥቶ በሐይቁ ብቻ የተባዛ የዓሣ ቤተ ሰብ ነበረው። የውጭ ዓሦች ሳይታሰብ ገቡበት፤ ማጥመዱም ከልክ አለፈ። በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከዚያ ሐይቅና ከመውጫው ውኃ ዓሦች 15ቱን «ጠፍተዋል» ብሎ በመዝገቡ ጻፈ። ስለ ሆነም በዚህ ወገን እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተ ሰብ በሙሉ የቀረው በጣና ብቻ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በዚያው በ2011 ዓ. ም. በነሐሴ፣ እኅቴን አስፈቅጄ ልጁን ይዤ ወደ አገሬ ሄድሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራን በድልድይ ይሻገረዋል። እዚያ ወረድን። ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል፤ እኔ ስወጣ ውኃ የተኛበት ሜዳ ሁሉ እስከ ዓይን ዳርቻ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። በወንዙ ዳር አሸዋ ተከምሯል፤ ጭነት መኪና ይጠብቃል። ልጁ የወንዙን መልክ አይቶ «ዓሣ በዚህ ውስጥ እንዴት ያያል?» አለ። ስለ ዓይነ ትልቁ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውሁት።

በወንዙ ዳር ወደ ታች ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ሽማግሌ መረባቸውን ከሾላ ሥር ዘርግተው ሲጠግኑ አገኘን። «እንደምን ዋሉ አባ» አልኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታው» አሉ፤ ካፖርቴንም ጫማዬንም ባንድ ጊዜ አዩ። ከአጠገባቸው በቅጠል የተሸፈነ ቅርጫት ነበር። ልጁ እንዲያይ ለመንኋቸው። አምስት ዓሦች ነበሩ። ሽማግሌው ሳይጠየቁ አንዱን እያነሡ፣ «ይህ አፉ እዩት፣ ዓሣ ይውጣል፤ ይህኛው ከንፈሩ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚውል» እያሉ ለልጁ ያስረዱት ጀመር። ከመጽሐፍ የተማርሁትን እርሳቸው ከእጃቸው ያውቁታል። ዓይነ ትልቁ ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም።

«በዚህ ወራት ባይያዝስ፣ አባ? ሊወልድ የመጣ ነው እኮ» አልሁ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ዐውቃለሁ» አሉ። «ሊወልድ ባይመጣ ወንዙ ውስጥ መቼ ይገኛል? ሐይቁ ላይ ጀልባ ያለው ነው የሚይዘው። ነሐሴ ነው፣ ጌታው፤ በጎታ እህል የለም። እርስዎ በነሐሴም ደመወዝዎን ያገኛሉ።» ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ድሮ በዚህ ሰዓት ቅርጫቱ አይችለውም ነበር። ልጆቹ ከላይ በብርብራ ጨረሱት» አሉ።

ሁለት ዓሣ ገዛኋቸው። ለምን እንደ ገዛሁ ዛሬም በትክክል አላውቀውም፤ ዋጋቸውን ግን ሳልከራከር ከፈልሁ።

ማታ ወንድሜ ቤት አደርን። ወንድሜ አርጅቷል፤ የክረምት ብርድ እግሩን ይዞት ከምድጃው አጠገብ አይነሣም። የልጅ ልጆቹ ከእኅቴ ልጅ ጋር ሲጫወቱ፣ ከግቢው የቆመውን ብርብራ አየሁት። ከምናውቀው ዛፍ የበቀለ ይሁን ወይም ያው ራሱ ይሁን አልጠየቅሁም። ልጁ ከሥሩ የወደቀ አሮጌ ፍሬ አንሥቶ፣ ልባሱን በሁለት እጁ ጠምዝዞ ሊከፍት እየታገለ ወደ እኛ መጣ።

«ይኼ ምን ይሠራል፣ ጋሼ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔም እርሱን አየሁት። ከዚያ በኋላ ልጁን ከመካከላችን አስቀምጬ፣ ስለ ሙቀጫው፣ ስለ ጅረቱ፣ እንደ አጓት ስለ ነጣው ውኃ፣ ስለ ዓይነ ትልቁ ዓሣና በጣቴ ስለ ፈሰሰው ዕንቁላል፣ ስለ ሣቃችንም ሳይቀር ነገርሁት። በሰኔ የጠየቀኝን ጥያቄ መልስም በዚያው አብሬ ሰጠሁት። ወንድሜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጆች ነበርን» ብሎ አቋረጠኝና እሳቱን ቈሰቈሰ።

ልጁ ፍሬውን በእጁ እንደ ያዘ ብዙ ቆየ።

«ስንት ነበሩ?» አለ በመጨረሻ።

«አልቆጠርናቸውም» አልሁት።